ቀና ብሎ መኖር፦ የአከርካሪ መገጣጠሚያ ብግነትና ሥርዓት ያለው ኑሮ

በደብራችን የምሥረታ ክብረ በዓል ላይ ለምእመናን የቀረበ ንግግር፤ ኖርዝ ዮርክ፣ ቶሮንቶ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ ስለ ጤና አንድ ነገር እንድናገር ሲጋብዘኝ፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ትምህርት የጠበቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። ስለ እነርሱ በየጊዜው ተነግሯል፤ ወደፊትም ይነገራል። እኔ ለዛሬ የመረጥሁት ግን ስሙ በመካከላችን እምብዛም የማይጠራ፣ በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምርና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሕመም ነው። ሐኪሞች አንኪሎሲንግ ስፖንዲላይተስ ይሉታል። ስሙ ከግሪክኛ የተገኘ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ቃል መጉበጥንና መድረቅን፣ ሁለተኛው የአከርካሪን አጥንት ያመለክታል። በሩሲያ ደግሞ ሕመሙን እ.ኤ.አ. በ1893 በጻፈው ሐኪም ስም የቤኽቴሬቭ በሽታ ይባላልና፣ በዚያ አገር ከተማሩ ሐኪሞቻችን ይህን ስም የሰማ ሊኖር ይችላል። በእኛ ቤት ግን ቁርጥማት፣ ሪህ፣ ብርድ፣ የወገብ ሕመም እየተባለ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይኖራል። ስም ያልተሰጠው ሕመም ደግሞ ሕክምናው ይዘገያል። በብዙ አገሮች እንኳ ሕመሙ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በትክክል እስኪታወቅ ድረስ በአማካይ ከ5 ዓመት በላይ ያልፋል።

በሉቃስ ወንጌል 13ኛ ምዕራፍ፣ 18 ዓመት ጎብጣ ቀና ማለት የተሳናት ሴት ታሪክ ተጽፏል። የሕመሟን ዓይነት ወንጌሉ በሕክምና ስም አልነገረንምና እኛም አንሰይመውም። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ልብ እንበል። ያች ሴት ጎብጣም ሳለች ከምኵራብ አልቀረችም። በዙሪያዋ የነበሩት ደግሞ እንደዚያ ሆና ማየትን ሳይለምዱት አልቀሩም፤ ጌታችን ግን አይቶ ጠራት። ስለዚህ የዛሬው ንግግሬ ለሁለት ወገን ነው፤ ሕመሙ ላለባቸው፣ እንዲሁም ከእነርሱ ጋር በአንድ ቤትና በአንድ ቅጥር ለምንኖር ለሁላችን።

ሕመሙን ከሌላው የወገብ ሕመም የሚለየው

የሰውነታችን መከላከያ ኃይል የተሰጠን ከውጭ የሚመጣውን ተሐዋስ እንዲዋጋ ነው። በዚህ ሕመም ግን ኃይሉ በገዛ ሰውነት ላይ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የዳሌ አጥንት ከአከርካሪው መጨረሻ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። መገጣጠሚያው ይቆጣል፤ ያብጣል። ብግነቱ ለዓመታት ሳይታከም ሲቀር፣ በአንዳንዶቹ ላይ አዲስ አጥንት እየበቀለ አንዱን አከርካሪ ከሌላው ጋር ያጣብቀዋል። ጀርባ ደርቆ የሚጎብጠው፣ ደረትም እንደ ልብ መስፋት የሚሳነው ያን ጊዜ ነው።

ከባድ ዕቃ በማንሣት የሚመጣ የወገብ ሕመም ሲያርፉ ይቀላል፤ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል። ይህኛው ተቃራኒ ነው። ሲያርፉ ይብሳል፤ ሲንቀሳቀሱ ይቀላል። ከ45 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ በ20ዎቹ ውስጥ፣ ቀስ እያለ ይጀምራል፤ ከሦስት ወር በላይም ይቆያል። ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል። ጠዋት ወገብ እንደ እንጨት ደርቆ ለመላላት ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሕመሙ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ ሌላ ጊዜ በግራ መቀመጫ ሊሰማ ይችላል። የተረከዝ ሕመም፣ የሚላላጥ የቆዳ በሽታ፣ የማያቋርጥ የአንጀት ሕመም አብሮት ሊመጣ ይችላል። ዓይን በድንገት ቀልቶ ቢያምና ብርሃን ማየት ቢያስቸግር ግን ቀን የሚሰጥ ጉዳይ አይደለም፤ በዚያው ዕለት ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ለእኛ ኢትዮጵያውያን በተለይ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 ተመራማሪዎች ይህ ሕመም ኤችኤልኤ ቢ27 ከተባለ የዘር ምልክት ጋር እንደሚያያዝ አስታወቁ። ዛሬም ሐኪሞች ይህን የደም ምርመራ ያዝዛሉ። ምልክቱ በአውሮፓውያን ሕመምተኞች ላይ በብዛት ይገኛል፤ በብዙ የአፍሪካ ሕዝቦች ዘንድ ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ ምርመራው ምልክቱ የለም ቢል ሕመሙ የለም ማለት አይደለም። ምልክቱ ያለባቸው ሰዎችም አብዛኞቹ ፈጽሞ አይታመሙም። ከአገር ቤት የመጣ ሰው የጀርባ ሕመም የአከርካሪ ነቀርሳ ወይም ካልፈላ ወተት የሚመጣው ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላልና፣ ያንንም መለየት የሐኪም ድርሻ ነው። የእኛ ድርሻ ታሪኩን አሟልቶ መናገር ነው፤ ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ሌሊት እንደሚቀሰቅስ፣ በእንቅስቃሴ እንደሚቀል። «ወገቤን ያመኛል» ብሎ ብቻ መመለስ ዓመታትን ያስከፍላል።

እንቅስቃሴ እንደ ሥርዓት

ባለፈው ምዕተ ዓመት ሕመምተኞችን አልጋ ላይ ማቆየት፣ ጀርባቸውን በጠንካራ መታጠቂያ ማሰር፣ በጨረርም ማከም የተለመደ ነበር። ዕረፍቱ ግን የጀርባን መድረቅ አፋጠነ፤ ጨረሩም በኋላ የደም ካንሰር እንደሚያስከትል ታወቀ። ዛሬ ሕክምናው በሁለት እግር ይቆማል። አንደኛው መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው በየዕለቱ የሚደረግ እንቅስቃሴ ነው። አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። መድኃኒቱ ብግነቱን ያበርዳል፤ የደረቀውን ጀርባ የሚያላላውና የጡንቻውን ኃይል የሚጠብቀው ግን እንቅስቃሴው ነው።

እንቅስቃሴ ሲባል ግን ሲመች የሚደረግ፣ ሲሰለች የሚተው ሆኖ ይታሰባል። ይህ ሕመም ሥርዓት ይፈልጋል። ሥርዓት መጠበቅ ደግሞ ለእኛ እንግዳ አይደለም። አባቶቻችን ቀኑንና ሌሊቱን በሰባት የጸሎት ጊዜያት ከፍለው ኖረዋል። ሕመምተኛው ለነፍሱ በሚነሣባቸው በእነዚያ ሰዓቶች ለሥጋው ጥቂት ደቂቃ ቢጨምር፣ አስታዋሽ ሳይሻ ሥርዓቱን ይጠብቃል።

በነግህ፣ ከአልጋ ሳይወርድ በጀርባው እንደተኛ ጉልበቶቹን አጥፎ ቀስ ብሎ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ያዘንብል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ሙቀት የደረቀውን ያላላል። በሠለስት፣ በቀትርና በተሰዓት፣ ሥራ ቦታም ቢሆን፣ ተረከዙንና ጀርባውን ከግድግዳ አስጠግቶ ይቁም፤ ትከሻውን ዘርግቶ፣ አገጩን ሳያነሣ የራሱን ኋላ ወደ ግድግዳው ለማቅረብ ይሞክር። በዚያው ሳለ ደረቱ እስኪሰፋ አምስት ጊዜ በጥልቅ ይተንፍስ። በሠርክ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ይራመድ። በሳምንት አምስት ቀን ቢያደርገው 150 ደቂቃ ይሆናል፤ ለማንኛውም ጎልማሳ የሚመከረው መጠን ይኸው ነው። በንዋም፣ ከመተኛቱ በፊት 15 ደቂቃ ያህል በሆዱ ይተኛ፤ ፍራሹ የማይሰምጥ፣ ትራሱ ዝቅ ያለ ይሁን። በመንፈቀ ሌሊት ሕመሙ ቢቀሰቅሰው እየተገላበጠ አይጠብቅ፤ ተነሥቶ ጥቂት ይራመድ፤ ሰውነቱን ያፍታታ። በየሌሊቱ የሚቀሰቅሰው ከሆነ ግን ብግነቱ አልበረደም ማለት ሊሆን ይችላልና ለሐኪሙ ይንገር።

ታክሲና የጭነት መኪና የምትነዱ፣ በመኪና ማቆሚያና በጥበቃ ሥራ የምትውሉ ወንድሞችና እኅቶች፣ ከሁሉም በላይ የሚጎዳችሁ ሳይነሡ መቀመጥ ነው። በተቻለ መጠን በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ወርዳችሁ ሁለት ደቂቃ ቀጥ ብላችሁ ቁሙ። የሚያጨስም ቢኖር ማጨስ የአከርካሪውን ጉዳት እንደሚያፋጥን ይወቅ። ይህ ሺሻንም ይጨምራል።

በቤተ ክርስቲያን ስንቆምና ስንሰግድ

ረጅም ቅዳሴ ቆሞ ማስቀደስ፣ ከዚያም በላይ ማኅሌት ማደር፣ ለዚህ ሕመምተኛ ትልቅ ጥያቄ ነው። ቆሞ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ያደርቀዋል፤ ተቀምጦ መቆየትም ያደርቀዋል። የሚሻለው መቀያየር ነው። ወንጌል ሲነበብ ይቁም፤ ሲደክመው ይቀመጥ፤ ሲደርቅ ተነሥቶ ወደ ኋላ ወይም ወደ ዳር ሄዶ ጥቂት ይራመድ። መቋሚያ ለዚህ የተመቸ ነው፤ ነገር ግን ወደፊት ደፍቶ በላዩ መንተራስ መጉበጥን ያለማምዳል። ቁመቱ ለሰውየው የተስማማ ሆኖ፣ ደረት ቀና እንዳለ ክብደትን የሚቀበል ይሁን።

ስለ ስግደትም ብዙዎች ይጠይቃሉ። ጀርባው ገና ላልደረቀ ሰው በልክ የሚደረግ ስግደት ጉልበቱን፣ ዳሌውንና ወገቡን የሚያንቀሳቅስ መልካም ተግባር ነው። ወደፊት መታጠፍ የሚበዛበት በመሆኑ ግን፣ ሲያበቃ ቀጥ ብሎ ቆሞ ደረትን መዘርጋት ያስፈልጋል። አከርካሪው ለተጣበቀበት ወይም አጥንቱ ለሳሳበት ሰው ግን በፍጥነት መውደቅና መነሣት አደጋ አለው። ሥርዓታችን ሰጊድ ብቻ ሳይሆን አስተብርኮና አድንኖም አለው። ግንባሩን ምድር ማስነካት የማይችል ይንበርከክ፤ መንበርከክ የማይችል ራሱን ዝቅ ያድርግ። በስቅለት ዕለት ከሌሎች ጋር ቁጥር መወዳደር አይገባም። ስግደት በማይሰገድበት በበዓለ ሃምሳ ደግሞ፣ በዐቢይ ጾም በስግደት የተፍታታ ሰውነት ለሃምሳ ቀን ቦዝኖ እንዳይደርቅ በእግር መንገድና በሌላ እንቅስቃሴ እንተካው።

ጾም፣ ምግብና መድኃኒት

ምእመናን ሁሉ የሚጾሙአቸው ቀናት በዓመት 180 ያህል ናቸው፤ ለካህናትና ለመነኮሳት 250 ያህል ይደርሳሉ። ይህን ሕመም የሚፈውስ የተረጋገጠ አመጋገብ የለም፤ «ይህን ብትተው ትድናለህ» የሚል ሁሉ ከእውቀት አልተናገረም። ይሁን እንጂ ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን፣ ተልባና ጤፍ ያለበት የጾም ማዕድ፣ ዘይትና ስኳር ካልበዛበት፣ ክብደትን ለመጠበቅ መልካም ማዕድ ነው። ከመጠን ያለፈ ክብደት በታመመ ወገብ ላይ ሸክም ይጨምራል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልገው በሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የመድኃኒት ሰዓት ነው። አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሲን የመሰሉ ማስታገሻዎች የሕክምናው መጀመሪያ ናቸው። በባዶ ሆድ ሲወሰዱ ግን ጨጓራን ሊያቆስሉ፣ ውሃ ሳይጠጡ ሲውሉም ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ጠዋት በባዶ ሆድ ሊውጣቸው አይገባም፤ ደብቆ መተውም አይገባም። ለሐኪሙ «እንዲህ እጾማለሁ» ይበል፤ ሐኪሙ ሰዓቱን ሊያስተካክል ወይም ጨጓራን የሚጠብቅ መድኃኒት ሊጨምርለት ይችላል። ለንስሐ አባቱም ሕመሙን ይንገር። ለታመመ ሰው የጾሙን ሰዓት ማሳጠር፣ እንደ ሁኔታውም ጾሙን ማላላት አባቶች በየዘመኑ ሲያደርጉት የኖሩት ነው። በየሳምንቱ ወይም በየወሩ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒት ያለውም፣ ቀኑ ከቍርባን ቀን ጋር እንዳይጋጭ አስቀድሞ ከሁለቱም ጋር ይምከር።

ሁለተኛው ቫይታሚን ዲ ነው። ይህ ሕመም አጥንትን ያሳሳል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ስትርቅ፣ ቶሮንቶ ግን 43 ዲግሪ አልፋ ትገኛለች። የክረምቱ ፀሐይ በቆዳችን ውስጥ ይህን ቫይታሚን ለመሥራት አቅም የለውም፤ ጠቆር ያለ ቆዳ ደግሞ ይበልጥ ፀሐይ ይሻል። በካናዳ የላም ወተት ቫይታሚን ዲ ይጨመርበታል፤ እኛ ግን የዓመቱን እኩሌታ ወተት አንቀምስም። ስለዚህ በጾም ወራት ቫይታሚን ዲና ካልሲየም የተጨመረበትን የአኩሪ አተር ወተት መምረጥ ይገባል። ለጎልማሳ በቀን የሚመከረው ቫይታሚን ዲ 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ ላሉት 800 ዩኒት ነው። ለእናንተ የሚስማማውን ኪኒን ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከአገር ቤት ይዘናቸው ስለመጣናቸው ነገሮች

ወጌሻ በአገራችን የተከበረ ባለሙያ ነው፤ ስንቱን ወለምታ አቅንቷል። ይህ ሕመም ያለበትን ሰው አንገትና ወገብ በኃይል መጠምዘዝ ግን ፈጽሞ አይገባም። የተጣበቀ አከርካሪ እንደ ደረቅ እንጨት በቀላሉ ይሰበራል፤ የነርቭ ገመድንም ሊጎዳ ይችላል። በዚህ አገር አጥንት እናስተካክላለን ለሚሉትም ያው ነው፤ አስቀድሞ ሕመሙን መንገር ግዴታ ነው።

ማስታገሻ ላልበቃቸው፣ ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ብግነቱን ከምንጩ የሚያበርዱ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች መጥተዋል። የብዙዎችን ሕይወት ለውጠዋል፤ ነገር ግን የሰውነትን መከላከያ ያለዝባሉ። በልጅነታችን ከሳንባ ነቀርሳ ጋር የተገናኘን ብዙ ነን፤ ተሐዋሱ በሰውነት ውስጥ አድፍጦ ለዓመታት ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የነቀርሳና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረጋል፤ ይህን እንደ ንቀት አትዩት። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ከጥሬ ሥጋና ካልፈላ ወተት ይራቅ፤ በፋሲካም ቢሆን ክትፎው ይብሰልለት። ወደ ኢትዮጵያ ለመሄድ ሲያስብም የቢጫ ወባ ክትባት ሕያው ተሐዋስ ያለበት ነውና፣ ሐኪሙን ሳያማክር አይከተብ።

ስለ ጠበልም ዝም ብዬ ባልፍ ትክክል አይሆንም። ጠበል እየተጠመቁ መድኃኒት ማቋረጥ የእምነት ብርታት ማስረጃ ተደርጎ የሚነገርበት ጊዜ አለ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. የኤችአይቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ መምከራቸውን እናስታውስ። ሁለቱም ከአንድ ሰጪ ናቸው። ለአከርካሪ ሕሙማንም መንገዱ ያው ነው።

የኖርዝ ዮርክ ክረምት

ክረምት ሲገባ ከቤት አለመውጣት ይመጣል፤ ከዚያም ጀርባ ይደርቃል። መፍትሔው ቅርብ ነው። በያንግ ጎዳና ከሜል ላስትማን አደባባይ አጠገብ ያለው የዳግላስ ስኖው የመዋኛ ማዕከል ለብዙዎቻችን በምድር ባቡር የሚደረስ ነው። ውሃ የሰውነትን ክብደት ስለሚሸከም፣ በየብስ የሚያመው እንቅስቃሴ በውሃ ውስጥ ይቀላል። መዋኘት የማይችል በውሃው ውስጥ ይራመድ። በረዶ በበዛበት ቀን በዮርክዴል ወይም በፌርቪው የገበያ አዳራሽ ውስጥ መራመድ ይቻላል። በጋ ሲሆን የኧርል ቤልስ መናፈሻ አለ። በበረዶ ላይ ግን የሚይዝ ጫማ ይደረግ። አከርካሪው የደረቀበት ሰው ቢወድቅና አዲስ የአንገት ወይም የጀርባ ሕመም ቢሰማው፣ ትንሽ መስሎት አይነሣ፤ እኛም ጎትተን አናንሣው፤ 911 ይደወል።

ሕክምናውን ለማግኘት መንገዱ በቤተሰብ ሐኪም በኩል ወደ ሩማቶሎጂ ሐኪም መላክ ነው። በቶሮንቶ ዌስተርን ሆስፒታል በዚህ ሕመም ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራ ክፍል አለ። የካናዳ ስፖንዲሎአርትራይተስ ማኅበርም ለሕሙማን ትምህርት ይሰጣል። የኦንታሪዮ የጤና መድን የፊዚዮቴራፒ ወጪ የሚሸፍነው ለሁሉም አይደለም፤ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው፣ 19 ዓመትና ከዚያ በታች ለሆኑ፣ የመንግሥት የገቢ ወይም የአካል ጉዳት ድጋፍ ለሚያገኙ፣ ሆስፒታል ተኝተው ለወጡም ይሸፍናል። የመድኃኒቱ ዋጋ ከገቢያቸው ጋር ሲነጻጸር ለከበዳቸው ደግሞ ትሪሊየም የተባለው የመድኃኒት ድጋፍ አለ። ቅጹን መሙላት ለሚያስቸግራቸው ወላጆች እንግሊዝኛ የሚችሉ ወጣቶቻችን ቢያግዙ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ለወላጆችና ለደብሩ ቤተሰብ

ወላጆች ሆይ፤ የ20 ዓመት ልጃችሁ ጠዋት ከአልጋ ለመነሣት ሰዓት ሲፈጅበት፣ «ሰነፍ» ከማለታችሁ በፊት ሌሊት እንዴት እንዳደረ ጠይቁት። በጥናትና በስልክ ያሳበብነው ነገር የሕመም መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። በሕመሙ ምክንያት ትዳር እንዳይገኝ ፈርቶ መደበቅም መድኃኒቱን ከማዘግየት በቀር የሚያመጣው ጥቅም የለም። በጊዜ የታከመ ሰው ይማራል፣ ይሠራል፣ ያገባል፣ ይወልዳል።

ለመላው ደብር አንድ ልመና አለኝ። በቅዳሴ መካከል የሚቀመጥ ወጣት ስናይ፣ ወደ ዳር ወጥቶ የሚራመድ ዲያቆን ስናይ፣ በዓይን አንገሥጸው። የሚሰማን የቸልተኝነት ድርጊት የሚመስል፣ እርሱ ግን ሌሊቱን ያለ እንቅልፍ አድሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ሰው በወገቡ ሕመም ምክንያት አንድ እሑድ ይቀራል፤ በሰው ዓይን ምክንያት ግን ለዘለቄታው ይቀራል። በግድግዳው ዳር ጥቂት ቀጥ ያለ መደገፊያ ያላቸው ወንበሮች ቢኖሩ፣ ወደ ኋላም ሰው የሚራመድበት ቦታ ቢተውላቸው፣ ወጪው ጥቂት ነው፤ የሚያስቀረው ሰው ግን ብዙ ነው። ያች የጎበጠች ሴት በምኵራብ ቦታ ነበራት፤ በእኛም ቤተ ክርስቲያን የታመሙት ቦታ ይኑራቸው።

ለደብራችን የሚመጡትን ዓመታት የበረከት ያድርግልን፤ ሕሙማንን ይፈውስልን፤ የጎበጡትን ያቅናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።